ታጣፊው ባለባትሪ ብስክሌት ለማን ይበጃል?

የዚህ ወር ጽሑፋችን መነሻ ከተማሪዎቼም ከወላጆቻቸውም ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። «ያ እየታጠፈ ሻንጣ የሚያህለው፣ በባትሪ የሚታገዘው ብስክሌት ለባሕር ዳር ይሆናል ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው እንዲሁ የጉጉት አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የባጃጁም የሚኒባሱም ሒሳብ አብሮ ወጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተሰማ ወዲህ፣ በባትሪ የሚሄድ ነገር ሁሉ የነገው መጓጓዣ መስሎ መታየት ጀምሯል። ከዱርቤቴ ወጥቶ ባሕር ዳር የሚማር ወይም የሚሠራ ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። አንድ አባወራ የዕቁብ ዕጣውን እዚህ ላይ ከማፍሰሱ በፊት ነድቶ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ መልካም ነው አልኩና፣ በትምህርት ዕረፍት ሁለት እንዲህ ያሉ ብስክሌቶችን ተውሼ፣ የራሴንም አሮጌ ብስክሌት ለማነጻጸሪያ ይዤ አንድ ሳምንት ከረምኩባቸው።

ነገሩ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ሁለት የተለያዩ ፈጠራዎች ተገናኝተውበታል። አንደኛው መታጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድሩ ሪቺ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዛሬ ብሮምፕተን የሚባለውን ታጣፊ ብስክሌት ለንደን ውስጥ መሥራት ጀመረ። በአሜሪካም ዴቪድ ሆን የተባለ የሌዘር ፊዚክስ ባለሙያ የዚያን ዘመን የነዳጅ ቀውስ አይቶ ተነሣና በ1982 ዳሆን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ሁለተኛው ሞተሩ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሐሳብ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በ1895 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል። ነጂው ፔዳሉን ሲመታ ሞተሩ አብሮ የሚያግዝበትን አሠራር ለገበያ ያበቃው ግን የጃፓኑ ያማሃ በ1993 ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መታጠፉ የሚጠቅመው ሰውና ሞተሩ የሚጠቅመው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ሲያቀርብልን ለየትኛው እየከፈልን እንደሆነ ይምታታብናል።

በመጀመሪያ መታጠፉን እንይ። ዱርቤቴ ከመርአዊም ወዲያ ስለሆነች እንዲህ ባለ ብስክሌት ባሕር ዳር ድረስ ነድቶ ለመድረስ ማሰብ ከንቱ ነው፤ ባትሪው መርአዊ ቢያደርስ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ዕቅድ ብስክሌቱን አጥፎ ሚኒባስ ላይ መጫንና መናኸሪያ ሲደርስ ዘርግቶ መንዳት ነው። ትንሹን፣ ባለ 16 ኢንች ጎማውን ይዤ ማለዳ መኪና ተራ ሄድኩ። ረዳቱ አየት አደረገውና፣

«መምህር፣ ይሄ እኮ የሰው ቦታ ይይዛል» አለኝ።

«እግሬ ሥር ይገባል» አልኩት።

«እግርዎን የት ሊያደርጉት ነው ታዲያ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

በመጨረሻ የግማሽ ሰው ሒሳብ ከፍዬ ፖርቶ መጋላው ላይ ተጫነ። እዚህ ላይ ነው ክብደቱ የሚመጣው። ከዋዜማው በእህል ሚዛን ላይ አስቀምጬው ከነባትሪው 19 ኪሎ ሆኖ ነበር። ትልቁ፣ ባለ 20 ኢንቹ፣ 24 ኪሎ ወጣው። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ መሬት ለመሬት ሲገፋ ምንም አይደለም፤ ከራስ በላይ ወደ መኪና ጣሪያ ሲነሣ ግን የወንድ ትከሻ ይፈትናል። ሞተር የሌለው ታጣፊ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው። እንግዲህ ሞተሩና ባትሪው ለመንገዱ የሚያግዙትን ያህል ለማንሻው ያስቸግራሉ ማለት ነው። በየሳምንቱ በሚኒባስ ለሚመላለስ ተማሪ እኔ የምመርጥለት ሞተር የሌለውን ነው።

መታጠፉ ከመኪና ይልቅ የጠቀመኝ ቤት ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ያረፍኩበት ግቢ አምስት ተከራይ የሚኖርበት ነው፤ ብስክሌት በረንዳ ላይ አሳድሮ ጠዋት አገኘዋለሁ ማለት የዋህነት ነው። የታጠፈው ግን ከአልጋ ሥር ባይገባ እንኳ ከበር ኋላ ተሸጎጦ አደረ። ጁሙዓ ዕለት ደግሞ ከመስጊድ ደጃፍ ሰንሰለት ፍለጋ ሳልጨነቅ አጥፌው ጥበቃው ዘንድ አስቀመጥኩት። ብስክሌቱ ተሰርቆበት ያውቅ የነበረ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንለፍ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኝ እንጂ ከተማዋ ራሷ እንደ ምጣድ የተዘረጋች ሜዳ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ የፖሊና የፔዳ ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሁሉም ብስክሌት ይነዳባት የነበረው፣ ዛሬም ባጃጅ ከበዛ በኋላ ሳይቀር የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ለተማሪዎቼ እንደምነግራቸው፣ አንድ ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከእግሩ የሚፈለገው ኃይል ከ50 እስከ 75 ዋት ቢሆን ነው። ጤነኛ ወጣት ይህን ያለ ችግር ለአንድ ሰዓት ይሰጣል። የአውሮፓ ሕግ «ብስክሌት» ብሎ የሚቀበለው ሞተር እስከ 250 ዋት የሚደርስ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ማገዙን የሚያቆም ነው። ታዲያ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ለመሄድ 250 ዋት ምን ያደርግለታል? እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጓደኛው ብስክሌት በልጦ ከመታየት በቀር ብዙ አያደርግለትም። ለመታየት የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ስሙ ይታወቃል፤ ኢስራፍ ነው።

ሞተሩ ጥቅሙ የታወቀኝ በሌላ ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲገፋ፣ ወደ ቤዛዊት በሚያወጣው ዳገት ላይ ስሞክረው፣ በራሴ ብስክሌት ወርጄ የምገፋውን አቀበት ሳልወርድ ወጣሁት። ሸሚዜም ደረቅ ነበር። ላብ ሳይነካው ቢሮ ወይም ክፍል መግባት ያለበት ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ኋላው ላይ ልጅ ወይም ዕቃ የሚጭን ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ ውሎ ደክሞት የሚመለስ ሰው፣ ሞተሩ የተሠራው ለእነዚህ ነው።

ነገር ግን ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። ትንሹ ብስክሌት ፔዳሉ መዞሩን ብቻ የሚያይ ነው፤ እግሬ ምን ያህል እንደሚጫን አያውቅም። ስለዚህ ስጀምር ዘግይቶ ይነሣል፣ ፔዳሉን ሳቆም ደግሞ ጥቂት ይገፋኛል። በሰፊው መንገድ ይህ ምንም አይደለም። በገበያ ሰዓት፣ ባጃጅ በቀኝም በግራም ሲታጠፍ፣ ሕፃን መሀል ሲገባ ግን ያስደነግጣል። ትልቁ የእግርን ጫና የሚለካ በመሆኑ ልክ የራሴ እግር የበረታ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ፍሬን ስይዝም ሞተሩ ወዲያው ይቆረጣል። እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ ጋዝ የሚሰጥባቸውም አሉ፤ እነዚያን ለጀማሪ አልመክርም።

ጎማውም ይለያያል። አስፋልቱ ላይ ሁለቱም ሸጋ ናቸው። ከአስፋልት ወጥቶ ኮብልስቶን ላይ ሲገባ ግን ትንሹ ጎማ እያንዳንዷን ድንጋይ ቆጥሮ ለወገብ ያስረክባል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለብስክሌትና ለእግረኛም የራሳቸው መንገድ ተለይቶላቸዋል። እዚያ ላይ ታጣፊው እንደ ትልቅ ብስክሌት ተረጋግቶ ይሄዳል። ከድልድዩ ወዲያ ወደ አባይ ማዶ ሠፈር ውስጥ ሲታጠፍ ድንጋዩና ጉድጓዱ ይጀምራል።

ስለ ወጪው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛልና በአጭሩ ላስላው። ትልቁ ብስክሌት ላይ ያለው ባትሪ 36 ቮልት፣ 10 አምፒር-ሰዓት ነው። ሲባዛ 360 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በሜዳ ላይ እየተጋገዙ ሲነዱ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሚበላ፣ አንድ ሙሊት ሠላሳና ከዚያ ትንሽ በላይ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ እንኳ ከቆጣሪ የሚወስደው ግማሽ ኪሎ ዋት-ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ እንደሚስብ እናቶች ባያውቁትም የቆጣሪ ካርዳቸው ያውቀዋል። እንግዲህ አንድ ሙሊት ማለት ምጣዱ ለሰባት ደቂቃ የሚሠራበት ነው፤ ሁለት ሦስት እንጀራ በሉት። መብራቱም የራሳችን ውኃ ነው፤ ከጣና በጎረቤታችን በሰሜን አቸፈር በኩል ተጠልፎ ወደ በለስ የሚወርደው ውኃ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ችግሩ ዋጋው ሳይሆን መብራቱ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ባትሪው ከብስክሌቱ ተነቅሎ በእጅ የሚሄድ፣ ቤት ከጠፋ ሥራ ቦታ የሚሞላ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የጎረቤታችንን የሐጂን ጉዳይ ላንሣ፤ እንድጽፍ አስፈቅጃቸዋለሁ። ሴት ልጃቸው አባይ ማዶ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ መሀል ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የምትወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ሁኔታ ማንም ሰው ሳይመሽ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ባጃጁ ወይ ይጠፋል ወይ የሚጠራው ዋጋ አይቀመስም። ሐጂ ብስክሌቱን ሊገዙላት ሲነሡ ከዘመድ አንዱ «ሴት ልጅ ደግሞ ብስክሌት ላይ?» ብሎ ተነሣ።

ለዚህ ወንድማችን የነገርኩትን እዚህም ልድገመው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የነበሩ ሴቶች ግመል ይጋልቡ እንደነበረ መድረሳ ገብቶ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ የምትጠራው ሳዑዲ ዐረቢያ እንኳ በ2013 እ.ኤ.አ. ሴቶች በመናፈሻ ሥፍራዎች ብስክሌት እንዲነዱ ፈቅዳ፣ በ2018 መኪናውንም ፈቅዳለች። ብስክሌት ስለተመኘች አንዲት የሪያድ ልጅ የሚተርከው የሀይፋ አል-መንሱር «ዋጅዳ» ፊልም የወጣውም ከፈቃዱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ጥያቄው መልበስና መጠበቅ ከሆነ ደግሞ መልሱ ከብስክሌቱ አሠራር ይገኛል። ተራው የወንድ ብስክሌት ከኮርቻው እስከ መሪው አግድም ብረት ስላለው ረጅም ልብስ ለብሶ መሻገር አይቻልም። ታጣፊው ግን መሀሉ ዝቅ ያለ አንድ ብረት ብቻ ነው። ባለቤቴ በግቢያችን ጅልባቧን እንደለበሰች ያለ ችግር ወጣችበት፤ ካቴናው መሸፈኛ ስላልነበረው ግን የልብሷን ጫፍ ያዘባት። ስለዚህ ለእኅቶች የሚገዛ ብስክሌት የካቴና መሸፈኛና በኋላ ጎማው ጎንና ጎን ልብስ የሚከለክል መረብ ይኑረው። ሁለቱም በጥቂት ብር ይገጠማሉ።

ሐጂን ልጅቱን ራሷን እንዲጠይቋት ነገርኳቸው። አስፈቅዳ መጥታ ሁለቱንም ነዳች። ትንሹን ወዲያው መለሰችው። ትልቁን ድልድዩን ተሻግራ እስከ አክስቷ ቤት ወስዳ መለሰችና፣ «አባዬ፣ ጠዋት ሞተሩን አልፈልገውም። ማታ ግን ስምንት ሰዓት ቆሜ ውዬ እግሬ አይታዘዘኝም» አለቻቸው። የፊት መብራቱ ከትልቁ ባትሪ ስለሚወስድ ጉድጓዱን ከሩቅ ማሳየቱንም ወደደችው። በሚኒባስ የምትጭነው ስላልሆነ 24 ኪሎው አያስጨንቃትም፤ የምታነሣው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ሐጂ ተመሳሳዩን ለመግዛት አዲስ አበባ ሰው ልከዋል። እኔም ውሳኔያቸውን ደግፌዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ለመንኳቸው፣ እሱም ስለ ባትሪው ነው።

ትንሹ ብስክሌት ከጂዳ የመጣ ነው። ወንድምየው በሻንጣ ይዞ ሊመጣ ሲል ባትሪውን አስቀሩበት። ይህ የዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ደንብ ነው፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፤ የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ ደግሞ ከዚያ እጥፍ ያልፋል። ከዐረብ አገር ዘመድ የምታስመጡ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ዕወቁ። የጂዳው ብስክሌት ባለቤት ታዲያ ምን አደረገ? ከአሮጌ ላፕቶፖች የወጡ ትንንሽ ባትሪዎችን ሰብስቦ አስበየደና በፕላስተር ጠቅልሎ ገጠመው። ይሠራል፣ አዎ። ግን እንዲህ ያለው ባትሪ ሴሎቹ ዕድሜያቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሲሞላ ሌላው ከልክ ያልፋል፤ የሚቆጣጠረውም ሰርኪዩት ከሌለ ይግልና ይቀጣጠላል። የሊትየም እሳት እንደ ማገዶ እሳት አይደለም፤ በሰከንዶች ውስጥ ክፍሉን በእሳትና በመርዛም ጭስ ይሞላዋል። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በእንዲህ ያሉ ባትሪዎች እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማዋም ደረጃውን ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥ ሕግ አወጣች።

በመሆኑም ባትሪ የሚሞላው ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር፣ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ ይሁን። ልጆች በተኙበት ክፍልና በመውጫው በር አጠገብ በፍጹም አይሁን፤ እሳት ቢነሣ የምንወጣው በዚያው በር ነውና። የወደቀ፣ ያበጠ፣ ውኃ የገባበት ባትሪ ዳግመኛ ሶኬት አይንካ። የሐጂ ልጅ ቀን ቀን መድኃኒት ቤቱ የፊት ክፍል ውስጥ እንድትሞላ ባለቤቱ ፈቅደውላታል። የጂዳው ብስክሌት ባለቤትም የተበየደውን ባትሪ ከመኝታ ክፍል ወደ ውጭ ማድ ቤት አውጥቶታል፤ ይህ በቂ አይደለም ብዬዋለሁ፣ እየተነጋገርን ነው።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። ሊገዛ የሄደ ሰው ግን ሻጩ የሚያሳየውን ቀለምና ስክሪን ትቶ ጎንበስ ይበል። ማጠፊያው ላይ ያለውን መቆለፊያ ከፍቶ ይዝጋና መሪውን ወዲያና ወዲህ ይወዝውዝ፤ ኳ ካለ ይተወው። ማጠፊያ በጉዞ ላይ ቢከፈት ሰው በግንባሩ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መፈተሽ ያለበት ከጎማው በፊት እሱ ነው። በክረምት ዝናብ መንዳት ይቻላል፤ በጎማ ቱቦ ውኃ እየረጩ ማጠብ ግን ሞተሩንም ባትሪውንም ያበላሻል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ፍሬንና ካቴና የባሕር ዳር ጠጋኞች ከእኔም ከእናንተም በተሻለ ያውቁታል። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ከተቃጠለ ግን ዛፍ ሥር የሚሠራ ጠጋኝ ምንም ሊያደርግ አይችልምና፣ መለዋወጫ አለኝ የሚል ሻጭ ዕቃውን አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የመጨረሻው የጎማው ቁጥር ነው። ጎማው ጎን ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ። ባለ 20 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ 406 ነው፤ ይህ የልጆች ብስክሌት ጎማ ስለሆነ በየሱቁ ይገኛል። ባለ 16 ኢንቹ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የልጆቹ 305፣ የአንዳንዶቹ ታጣፊዎች ደግሞ 349፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። የጂዳው ብስክሌት 349 ነው። ከመለስኩለት ከሁለት ሳምንት በኋላ የውጭ ጎማው ኮብልስቶን ላይ ተቀደደበትና አገሩን ቢዞር ልኩን አጣ። አሁን ታጥፎ ከበር ኋላ ቆሟል። ወንድምየው ለረመዳን ሲመጣ ጎማ ይዞለት ይመጣል፤ ጎማ በሻንጣ አይከለከልም።